ማውሱን ተውና በኪቦርዱ ሞክረው

ሄኖኬ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ባለቤትህና ልጆቹስ? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? በጣም ተጠፋፋን። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እማዬም ስምህን ሳታነሳ አትውልም። የሰፈሩን ወሬ በስልክ እናወራዋለን፣ ዛሬ የምጽፍልህ ለአንድ ጉዳይ ነው።

መጨረሻ ስንጻጻፍ ያቺን አርቲኤል-ኤስዲአር ዶንግል፣ ኮምፒውተር ላይ ተሰክታ ሬዲዮ የምትቀበለዋን ትንሽ ዕቃ ገዝተህ፣ ላፕቶፕህ ላይ ሬዲዮ ማዳመጫውን ፕሮግራም ጂኪውአርኤክስን ጭነህ ነበር። ከዚያ ምን አልከኝ? «ሲግናሉን አየዋለሁ፣ ማውሱን ይዤ ቁጥሩ ጋ እስክደርስ ይጠፋል፣ ሰለቸኝና መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት።» ይሄ ነገር ከልቤ አልወጣም። ልጆች ሆነን ማታ ማታ በአባባ ሬዲዮ አጭር ሞገድ ስንፈልግ መርፌዋን በትዕግስት የምታዞራት አንተ ነበርክ። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው በማውስ ምክንያት ሲተወው አላስችል አለኝ።

ችግሩ ያለው አንተም ጋ ዶንግሏም ጋ አይደለም፣ እጅህ ጋ ነው። ፕሮግራሙ ላይ የላይኛው መስመር አሁን የትኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ሲግናል እንዳለ ያሳይሃል፣ ከስሩ የሚፈሰው ዋተርፎል ደግሞ ከአፍታ በፊት ምን እንደነበረ። አንዳንዱ ሲግናል ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነው። በዚያች ቅጽበት ዓይንህ ቀስቷን እያሳደደ ትንሿን ሳጥን ከፈለገ አለቀ፣ አመለጠህ። ጥሩ የክራር ተጫዋች ጣቶቹን አያይም፣ አንተም ዓይንህን ዋተርፎሉ ላይ ትተህ በጣትህ ብቻ መስራት አለብህ። እኔ እንደዚህ ከለመድኩ ወዲህ ፕሮግራሙ ሌላ ፕሮግራም የሆነ ነው የመሰለኝ።

ከመጀመርህ በፊት ሁለት ነገር። ኪቦርድህን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው። እንደኔ አማርኛ ስትጽፍ ቆይተህ በዚያው ከገባህ አቋራጮቹ ላይሰሩ ይችላሉ፣ ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስልሃል። ሁለተኛው፣ ጠቋሚህ የሆነ የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ከሆነ ፊደሉ እዚያው ይጻፋል እንጂ ትዕዛዝ አይሆንም። ደግሞ የጫንከው የቆየ ከሆነ አዲሱን አውርድ። የአቋራጮቹ ሙሉ ዝርዝር ራሱ የእርዳታ ሜኑው ውስጥ አለ፣ እኔ እዚህ የምነግርህ በየቀኑ የምነካቸውን ብቻ ነው።

ኮንትሮልና ዲ አንድ ላይ ስትጫን መቀበል ይጀምራል፣ ደግመህ ስትጫን ይቆማል። ኤፍ11 ስክሪኑን ሙሉ ያደርግልሃል። እነዚህ ቀላል ናቸው።

ዋናዋ ቁልፍ ኤፍ ናት። ኤፍን ስትጫን ላይኛው ፍሪኩዌንሲ ቁጥር ላይ ትገባለህ። በግራና በቀኝ ቀስት ከአሃዝ አሃዝ ትሄዳለህ፣ በላይና በታች ቀስት አሃዙን ትጨምራለህ ትቀንሳለህ፣ ወይ ቁጥሩን በቀጥታ ትጽፋለህ። እዚህ አዲስ አበባ የለማመድኩት በኤፍኤም ጣቢያዎቻችን ነው። 97.1 ላይ ሆኜ ወደ 98.1 መሄድ ከፈለግኩ 7ቱ ላይ እቆምና ቀስቱን አንዴ ወደ ላይ፣ በቃ። አንተ ጋ ደግሞ 88.5 እና 89.3 አሉልህ፣ ዋሽንግተን አካባቢ በደንብ ይሰማሉ። በእነሱ ጣትህን አስለምድ። የምትፈልገው የት እንዳለ አስቀድመህ ስለምታውቅ ሐሳብህ ሁሉ እጅህ ላይ ይሆናል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ዶንግሏ ያለ ችግር በአንዴ የምታሳይህ ስፋት 2.4 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ 97.1 እና 98.1 አንድ መስኮት ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ይታዩኛል፣ 102.1 ግን ከመስኮቱ ውጭ ነው። የሆነ ጣቢያ ጠፋ ብለህ እንዳትደናገጥ፣ መስኮቱን ውሰድለት። በነገራችን ላይ ይቺ ዕቃ የተሰራችው ለዲጂታል ቴሌቪዥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ ውስጧ ያለው ቺፕ ጥሬውን የሬዲዮ ናሙና ሊያወጣ እንደሚችል ሰዎች ደረሱበት፣ ይኸው በርካሽ ዋጋ ከ24 ሜጋኸርዝ እስከ 1,700 ምናምን ድረስ የምታይ መሣሪያ ሆነችልን። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ለዚያ ነው መሳቢያ ውስጥ መቀመጧ የሚያንገበግበኝ።

ቀጥሎ ሞዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲግናሉን ወደ ድምፅ የሚቀይርበት መንገድ። ደብልዩ ለሰፊው ኤፍኤም ነው፣ ማለትም ለሙዚቃና ለዜና ጣቢያ፣ ከሺፍት ጋር ከሆነ ስቴሪዮ ይሆናል። ኤን ለጠባቡ ኤፍኤም፣ ማለትም እንደ መነጋገሪያ ሬዲዮ ላለው፣ ኤ ለኤኤም። ይሄን ካላስተካከልክ ሲግናሉን በዓይንህ እያየኸው በጆሮህ ላታገኘው ትችላለህ። በደብልዩ ሆነህ ጠባብ ሲግናል ብትከፍት ንግግሩ በሹሹታ ተውጦ ከሩቅ ይመጣል፣ በኤን ሆነህ ሙዚቃ ጣቢያ ብትከፍት ደግሞ ድምፁ ይሰባበራል። ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ያለው የአውሮፕላን መስመር ኤኤም ነው። እዚያ ኤኤም የቀረው ዝም ብሎ አይደለም፣ በኤፍኤም ሁለት ሰው እኩል ቢናገር ብርቱው ደካማውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፣ በኤኤም ግን ሌላ ሰው እንዳለ ቢያንስ ጩኸቱ ያስታውቃል። አብራሪ ላለበት ጉዳይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የምትሰማውን የሲግናል ስፋት የሚወስነውን ማጣሪያ ለማጥበብ «ያንሳል» ምልክቷን (<)፣ ለማስፋት «ይበልጣል» ምልክቷን (>)፣ ወደ መካከለኛው ለመመለስ ነጥቧን ትጫናለህ። ሦስቱም እዚያው አካባቢ ስለሆኑ አንድ እጅ ይበቃቸዋል። ጎረቤት ሲግናል ሲረብሽህ አጥብበው። ድምፅ በመደመርና በመቀነስ ምልክት ይወጣል ይወርዳል፣ ኤም ደግሞ ጸጥ ያደርገዋል፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እሷን አትርሳ።

አሁን ከሁሉም በላይ የምወዳት፣ ስኩዌልች፣ ባዶ መስመርን ጸጥ የምታደርገው። ማንም በማይናገርበት መስመር ላይ ያ ሹሹታ ጆሮ ይበላል፣ ብዙ ሰው የሚሰለቸውም እሱ ነው። መስመሩ ባዶ ሲሆን ጠብቀህ ቲልዴዋን (~) ተጫን። በዚያች ሰዓት ያለውን የጫጫታ መጠን ለክቶ ከሱ በላይ ያለውን ብቻ ያሰማሃል። ሰው እያወራ ከተጫንክ ግን ወሰኑ ከሰውየው በላይ ይሆንና እሱንም ይዘጋብሃል፣ ስለዚህ በዝምታው መሀል ነው። ተሳሳተ ካልክ እዚያው ቁልፍ ላይ ያለ ሺፍት ያለችው ምልክት ወደ መጀመሪያው ትመልሰዋለች። እናንተ ጋ አማተሮቹ፣ ማለትም ሬዲዮ በትርፍ ጊዜያቸው የሚነጋገሩት ሰዎች፣ የሚጠራሩበት 146.52 አለ፣ ኤን ላይ አድርገህ ስኩዌልቹን አስተካክለህ ተወው፣ ሥራህን እየሰራህ ሰው ሲመጣ ብቻ ይናገራል። እኛ ጋ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአማተር ክለቡ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ አለ፣ ስትመጣ አብረን ሄደን እንጠይቃቸዋለን።

ሁሉም ነገር ግን በኪቦርድ አይሆንም፣ አልዋሽህም። ጌይኑን፣ ማለትም ዶንግሏ ሲግናሉን የምታጎላበትን መጠን፣ በተንሸራታቹ ነው የምታስተካክለው፣ አንዴ በማውስ ነክተኸው ከዚያ በቀስት ቁልፎች ማስኬድ ትችላለህ። ጌይን ላይ ስስት አታብዛ፣ ደግሞም አትልቀቀው። ትልልቅ የኤፍኤም ማሰራጫዎች አጠገብ ሆነህ ጥግ ድረስ ከከፈትከው ዶንግሏ ትጨናነቅና የሌለ ሲግናል በየቦታው ትፈጥርልሃለች። ቀስ እያልክ ጨምር፣ የጫጫታው ወለል ከፍ ሲል ሲግናሉ አብሮ ካላደገ እዚያ ላይ አቁም።

እንግዲህ የምለምንህ ይሄን ነው። በዚህ ሳምንት መጨረሻ ዶንግሏን አውጣት፣ አንቴናዋን መስኮት ጋ አድርጋት። ኤን፣ ከዚያ ኤፍ፣ ከዚያ የመቶ ሜጋኸርዙ አሃዝ ላይ ቆመህ 162.400ን ያለ ነጥቧ ጻፍ። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ሬዲዮ ከዚያ ጀምሮ እስከ 162.550 ድረስ በሰባት መስመር ላይ ነው ያለው፣ በየ25 ኪሎኸርዙ አንድ። ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ይናገራል፣ ስለዚህ የሚያመልጥህ ነገር የለም፣ ስኩዌልችም አያስፈልግህም። ሰባቱም አንድ መስኮት ውስጥ ይገባሉ፣ እዚያ ሰፈርህ ላይ የትኛው ጠንክሮ እንደሚቆም ዋተርፎሉ ላይ በግልጽ ታየዋለህ። ማውሱን ሳትነካ ከአንዱ ወደ አንዱ ሂድ። ሁለትና ሦስት ከሰማህ የስክሪኑን ፎቶ ላክልኝና አብረን እናየዋለን።

ለሁሉም ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ እማዬም ሳማቸው ብላሃለች።

ወንድምህ