መርጫውን አትግዢ

እህቴ፣

ሰላምታውን በኋላ፤ ጉዳዩ አይቆይም። በላክሁት ገንዘብ ለንብ ቀፎው የዝንብ መርጫ ልገዛ ነው ብለሻል። እባክሽ ተይው። ዝንብ የሚገድል መርዝ ንብንም አይምርም፤ ሰሙም ውስጥ ይቀራል። ገንዘቡ ለአባባ መድኃኒትና ለሠርግሽ ይሁን።

ዝንቡን የሚስበው የሞተ ንብና እጭ፣ የፈሰሰ ማር ነው። ከቀፎው ሥር ጠርገሽ ቅበሪው። ለንቦቹ የስኳር ውኃ የምትሰጪው ሲመሽ ይሁን፤ ጠብታ እንዳይቀር።

እኔን ያስጨነቀኝ የማር እንጀራው ላይ ድር አየሁ ያልሽው ነው። እሱ የሰም እሳት እራት ትል ነው። እናቲቱ በሌሊት ገብታ ስንጥቅ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፤ ትሉ እጭ ያደገበትን ጥቁር እንጀራ እየቦረቦረ ድሩን ይዘረጋል። ድር ሳይኖር ማሩ አረፋ ደፍቆ የበሰበሰ ብርቱካን ከሸተተ ግን የቀፎ ጥንዚዛ ነው፤ የሱ ትል ለመለወጥ ወጥቶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ እርጥብና ለስላሳ አፈር ይመቸዋል።

ለሁለቱም በር የሚከፍተው የንቡ ማነስ ነው። ንብ የሚጠብቀው የሸፈነውን እንጀራ ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ አጭሰሽ ክፈቺና ባዶውን አውጪ፤ መግቢያውን ወደ ሁለት ጣት አጥብቢ። የተበላውን አቅልጪው። ደህናውን በላስቲክ ጠቅልለሽ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያወርድ ማቀዝቀዣ ለ48 ሰዓት አቆዪ፤ ስታወጪው ቅዝቃዜው እስኪለቅ ላስቲኩን አትፍቺ፤ ያልባል። የአውራዋን፣ የንግሥቷን ንብ፣ ነገርም እዪ፦ በእንጀራው በየጉድጓዱ ግርጌ አንድ አንድ፣ ከሩዝ ፍሬ የቀጠነ ነጭ እንቁላል ከቆመ አለች ማለት ነው።

ለጉንዳን የመቆሚያውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሚ፤ ዝናብ እንዳይሞላው ክደኚው። አመድም ይከለክላል፤ ከረጠበ ግን ዋጋ የለውም። ሣሩን እጨጂ፤ ቀፎውን የነካ አንድ ዘለላ ለጉንዳን ድልድይ ነው።

አባባ ሳጥን እንዳያነሱ፤ ማር የሞላ ትልቅ ሳጥን ከ30 ኪሎ ያልፋል። ወገባቸው እንዴት ሆነ? አንቺ እውነቱን ትሸፋፍኚብኛለሽ።

አምስት ወር ዝም ማለቴ ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ደህና ነኝ፣ አታስቡ። ለሠርግሽ አለመድረሴን ሳስበው ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። ቀፎ ሲከፈት የሚወጣው የሰም ሽታ እንኳ ናፍቆኛል።

ከፍተሽ ስታዪ ንብ የሸፈነው እንጀራ ስንት እንደሆነ ቆጥረሽ ጻፊልኝ። የአባባንም ነገር እውነቱን።

ወንድምሽ