ዘፈኖቻቸውንስ ማን ሰማቸው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ሊንዳ ሊንዳስ ስለሚባለው የአራት የሎስ አንጀለስ ልጃገረዶች ባንድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ። ለሴቶች የፓንክ ሮክ ባንድ እንዲህ ሰፋ ያለ ቦታ ሲሰጥ ብዙ አላይም። ሁለተኛ ሳነበው ግን ከፋኝ። የልጆቹ ዕድሜ አራት ቦታ ላይ ተጠቅሷል። የጸጉራቸው ቀለም አለ። አለባበሳቸው አለ። ቪዲዮአቸው እንዴት እንደተዛመተ አለ። ከዘፈኖቻቸው የተነሳው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከዚያው ቪዲዮ ላይ የተወሰደ። ልጆቹ ሁለት ሙሉ አልበም አውጥተዋል። የአንዱም ስም ጽሑፉ ውስጥ የለም።

ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፈው ይገባኛል። ግን ልጆቹ ሙዚቀኞች ናቸው። ስለ ሙዚቀኛ ከተወራ ሙዚቃው ይወራ።

ቪዲዮውን እኔም እወደዋለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ2021 ሜይ ወር፣ ሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ሳይፕረስ ፓርክ በሚባለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተቀረጸ ነው። ድራም የምትመታው ሚላ ያኔ 10 ዓመቷ ነበር። «ሬሲስት፣ ሴክሲስት ቦይ» (ዘረኛ፣ ሴት ናቂ ልጅ) የሚለውን ዘፈን ከመጀመራቸው በፊት ታሪኩን ራሷ ትናገራለች። በወረርሽኙ ምክንያት ሁሉ ነገር ከመዘጋቱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አንድ የክፍሏ ልጅ መጥቶ «አባቴ ከቻይናዎች ራቅ ብሎኛል» አላት። እሷም ቻይናዊ ነኝ ስትለው ወደ ኋላው ሸሸ። ከዚያ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ከሆነችው ከአጎቷ ልጅ ከኤሎይዝ ጋር ሆነው ዘፈን አደረጉት።

ይሄን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው ያልሰማው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው።

ዘፈኑ በዚያው ዓመት በስቱዲዮ ተቀድቶ ወጣ። በኤፕሪል 2022 በኤፒታፍ አሳታሚነት በወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው፣ «ግሮዊንግ አፕ» ላይ የመጨረሻው ዘፈን እሱ ነው። እስቲ ሁለቱን አስተያይታችሁ ስሙ። ቪዲዮውን ስናይ ዓይናችን ልጆቹ ላይ ነው። ትንሽነታቸው ጆሯችንን ይቀማናል። በስቱዲዮው ቅጂ ላይ ግን የሚታይ ነገር የለም፤ መስማት ብቻ ነው። ቤዙና ጊታሩ ዝግ ብለው፣ ከበድ ብለው ይጓዛሉ። ከዚያ ዘፈኑ ድንገት ይሮጣል። እንደገና ይከብዳል። ኤሎይዝ ስትጮህ ጉሮሮዋ ሲሻክር ይሰማል። ሚላ እየመታች በልጅ ድምፅ ትቀበላታለች። ያ ዝግታ ለእኔ ፊት ለፊት ቆሞ መፋጠጥ ነው። ወደ ኋላ ያልሸሸችው እሷ ናት።

አልበሙ 10 ዘፈን ነው። ሁሉም ተደምሮ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አራቱም ይጽፋሉ፣ አራቱም ይዘፍናሉ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በብዙ ባንድ አንድ ዘፋኝ ፊት ይቆማል፤ ሌላው አጃቢ ነው። እዚህ ግን ድምፁ ሲቀየር የዘፈኑ ጠባይም አብሮ ይቀየራል። ኤሎይዝ የያዘችው ዘፈን ሸካራ ነው፣ ቁጣ አለው። የሚላ እህት ሉሲያ ስትይዘው ዜማው ይለሰልሳል፣ ጊታሩም ይጠራል። ከእሷ ዘፈኖች አንዱ፣ «ሪሜምበር» የሚለው፣ ቤት ተዘግተው ስላሳለፏቸው ቀናት ነው። አንዱ ቀን ከሌላው አልለይ ስላለበት ጊዜ። ያንን ጊዜ በልጅነት ዓይን የያዘ ሌላ ዘፈን ቢጠይቁኝ ቶሎ አይመጣልኝም።

ስለ ድመት የተዘፈነም አለ። «ኒኖ» ይባላል። የጊታሪስቷ የቤላ ድመት ነው። ከዚያ በፊት፣ በ2020 መጨረሻ ባወጡት ባለ አራት ዘፈን ቅጂ ላይ፣ «ሞኒካ» ለምትባለው ድመቷም ዘፍነውላት ነበር። አንዳንድ ሰው ይሄን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ያልፋል። እኔ አላልፈውም። ፓንክ ሮክ ሲጀመርም ሐሳቡ ይሄ ነበር፦ የምታውቀውን፣ ፊትህ ያለውን፣ በሦስት ኮርድ ዝፈነው። ለአንዲት ልጅ ፊቷ ያለው ድመቷ ናት። ስለማታውቀው አብዮት ከምትዘፍን ስለምታውቃት ድመት ብትዘፍን ለእኔ የበለጠ እውነት ነው።

ከአልበሙ ሁሉ እኔን የያዘኝ ግን ሰባተኛው ነው። በስፓኒሽ የተዘፈነ ነው። ቤላ ናት የጻፈችውም የዘፈነችውም። እዚያ ጋ ጩኸቱ ይቆማል። ምቱ ወደ ቦሳ ኖቫ፣ ወደ ለስላሳው የብራዚል ስልት ያዘነብላል፤ ድምፅዋም ዝቅ ይላል። ስፓኒሽ አላውቅም። መጀመሪያ ስሰማው ቃሉ ምን እንደሚል ሳልፈልግ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። ብቸኝነት እንዳለበት ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም ነበር። ቪዲዮውን ብቻ ያየ ሰው እነዚህ ልጆች እንዲህ ዝቅ ብለው መዝፈን እንደሚችሉ በምን ያውቃል?

ሁለተኛው አልበም «ኖ ኦብሊጌሽን» በኦክቶበር 2024 ወጣ። እዚህ ላይ እጃቸው መጠንከሩ ያስታውቃል። ድራሙ ተለውጧል። ሚላ በመጀመሪያው አልበም ላይ ምቱን ትጠብቃለች፤ በሁለተኛው ትነዳዋለች። ቤላ በድጋሚ በስፓኒሽ የዘፈነችው አለ፤ ስለ ጭንቀት ነው። በቀልድ ዘፈኖቹ የሚታወቀው ዊርድ አል ያንኮቪክ በአኮርዲዮን አጅቧታል።

አንድ የሚነሳ ነገር አለ፤ እናንተም ጋ በአስተያየት መልክ ወጥቶ አይቻለሁ። «የሠራላቸው አባታቸው ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ የሉሲያና የሚላ አባት ካርሎስ ዴ ላ ጋርዛ የታወቀ ፕሮዲዩሰርና የድምፅ ባለሙያ ነው። የመጀመሪያውን አልበም የሠራው እሱ ነው። ይሄ ዕድል ነው፣ መካድ አያስፈልግም። ብዙ ልጅ አያገኘውም። ነገር ግን ፕሮዲዩሰር ማይክ ያስቀምጣል፣ ድምፅ ያመጣጥናል፣ «እስቲ እንደገና» ይላል። ዘፈን ቀድሞ ከሌለ የሚያመጣጥነውም የለም። ደግሞ ወንድ ወጣቶች በአባታቸው ስቱዲዮ ሲቀዱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሳ አልሰማሁም።

ይሄ የቆየ ነገር ነው። በ1975 እዚያው ሎስ አንጀለስ ዘ ራናዌይስ የሚባል የሴቶች ሮክ ባንድ ተመሠረተ። ልጆቹ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበሩ። በ1976 የመጀመሪያ አልበማቸው ወጣ፤ በዓመቱ ጃፓን ውስጥ በመድረክ ላይ የተቀዳ አልበም ጨመሩ። በጊዜው የተጻፈላቸውን ብታዩ አብዛኛው ዕድሜና ልብስ ነው። የጃፓኑን ቅጂ የሰማ ሰው ግን ሳንዲ ዌስት ድራም ላይ ምን ያህል ኃይል እንደነበራት ይፈርዳል። ከመካከላቸው ጆን ጄት በ1993 ቢኪኒ ኪል የሚባለውን የፓንክ ባንድ «ሬብል ገርል» የሚለውን ዘፈን ፕሮዲዩስ አደረገች። ቢኪኒ ኪል ደግሞ ከዓመታት በኋላ በ2019 ተመልሰው ሲሰባሰቡ ሊንዳ ሊንዳስን መድረካቸውን እንዲከፍቱ ጋበዟቸው። ሊንዳ ሊንዳስ ያኔ ከተመሠረቱ ዓመት ቢሆናቸው ነው። አንዷ የቀዳችው ለሌላዋ ስንቅ እየሆነ እዚህ ደርሷል።

ለንደን ላይም ዘ ስሊትስ የሚባሉ የሴቶች ፓንክ ባንድ ነበሩ። ዘፋኟ አሪ አፕ ባንዱን ስትቀላቀል 14 ዓመቷ ነበር። በ1977 ለጆን ፒል የቢቢሲ ሬዲዮ ፕሮግራም ጥቂት ዘፈኖች ቀዱ። ያ ቅጂ ሩጫ ነው፣ ጩኸት ነው፣ ሁሉም በየፊናው የሚንደረደር ይመስላል። በ1979 አንዳንዶቹን ዘፈኖች «ከት» በሚለው አልበማቸው ላይ እንደገና ቀዷቸው። በዚህ ጊዜ ድራመሯ ፓልሞሊቭ ወጥታ ነበርና ሌላ ሰው መታላቸው። ፕሮዲዩሰሩም የሬጌው ሰው ዴኒስ ቦቬል ነበር። ዘፈኖቹ ሌላ ነገር ሆኑ። በመሀላቸው ባዶ ቦታ ገባ፣ ቤዙ ጎልቶ ወጣ፣ አየር አገኙ። የትኛው ይበልጣል ብላችሁ ብትጠይቁኝ በቀን በቀኑ መልሴ ይለያያል። ሁለቱም ባይቀዱ ኖሮ ግን ጥያቄውም ባልኖረ።

ይሄን ሁሉ የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ልጅ ሆኜ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ባንድ ነበረን። ቤዝ ጊታር እጫወት ነበር። ስምንት ወር ያህል ተለማመድን። ከዚያ ገንዘብ አዋጥተን አንድ ስቱዲዮ ገባን፤ በአንድ ከሰዓት ሦስት ዘፈን ቀዳን። ቀጂው ሰውዬ ጨዋ ነበር፣ አልሰደበንም። ማስተር ካሴቱን ከሳምንት በኋላ ኑና ውሰዱ አለን። ስንመለስ ሌላ ሰው ቀድቶበታል። «ልምምድ መስሎኝ ነው» አለን። በእሱ ቤት ልምምድ ላይ ነበርን። ለእኛ ያለን ሁሉ እሱ ነበር። ድራመራችን በዚያው ዓመት ሌላ ቦታ ሄደች፤ ባንዱም በዚያው ቀረ። ሁለተኛውን ዘፈን ዛሬም ቤዙን መጫወት እችላለሁ። የእሷን ድራም ግን ማስታወስ አልቻልኩም። የምትሰብረው ቦታ ነበራት፣ ሁላችንንም የምታስቀናን። የት ጋ እንደነበር ጠፍቶብኛል።

ስለዚህ የልጆች ባንድ የቀዳውን ሰው ሳይሰማው ሲያልፍ ያመኛል። ሊንዳ ሊንዳስ ቅጂያቸው አልጠፋም። ስልኩ ውስጥ የማያገኘው ሰው የለም። እንዲያም ሆኖ በቪዲዮው ተሸፍኖ ሊቀር ነው።

ለጋዜጣችሁ የምጠይቀው ይሄን ነው። ስለ ሴቶች ባንድ ስትጽፉ ለወንዶቹ የምታነሱትን አንሱላቸው። ድራሙን ማን መታው? ዘፈኑን ማን ጻፈው? የት ተቀዳ፣ ማን ቀዳው? ከመጀመሪያው አልበም ሁለተኛው በምን ተለየ? ጥሩ ካልሆነም ጥሩ አይደለም በሉ። እኔ ለምሳሌ ከመጀመሪያው አልበም መሀል ላይ ሁለት ዘፈኖች ይመሳሰሉብኛል፤ አንዱ ቢቀር አይጎዳም ነበር። ልጆች ናቸው ተብሎ መታለፍ የለበትም። በሙዚቃቸው መመዘን ይገባቸዋል፤ የሚመዘን ነገር ይዘው መጥተዋል።

ጸሐፊያችሁ ሁለቱን አልበሞች ሰምቶ እንደገና ቢጽፍ በጉጉት አነበዋለሁ። ሁለቱ ተደምረው አንድ ሰዓት አካባቢ ነው የሚወስዱት። ጊዜ ካጠረው ከሰባተኛው ዘፈን፣ ከስፓኒሹ ይጀምር። በጆሮ ማዳመጫ ይስማው።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ