ስለ አቻው ጨዋታ

አዳማ

ውድ ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? ሐዋሳስ? ለጠፋሁበት ይቅር በለኝ፤ ምክንያቱን ፍቅር ሐይቅ ዳር ስንቀመጥ እነግርሃለሁ።

የእህትህን ልጅ የቼዝ ጨዋታ ወረቀት፣ እርምጃዎቹ የተጻፉበትን፣ ደጋግሜ አየሁት። ከእሷ ከሚበልጥ ሰውዬ ጋር አቻ መውጣቷን ሰዎቹ «ዕድል ነው» ማለታቸው ልክ አይደለም። 1600 ሬቲንግ (የተጫዋች ብቃት መለኪያ ነጥብ) ያለው ከ1800 ጋር ሲገጥም ከአንድ ነጥብ የሚጠበቅበት 0.24 ነው፤ እሷ 0.5 አገኘች። ከ18 ዓመት በታች ስለሆነች ትርፏ 0.26 በ40 ይባዛል፣ 10.4 ጨመረች። ሰውየው የሚሰላው በ20 ከሆነ ያጣው 5.2 ብቻ ነው።

ትልቁ ነገር የሩክ ፍጻሜው ነው፤ ማለትም ከንጉሦቹ ሌላ ግንብ የሚመስሉት ሩኮችና አንድ ወታደር ብቻ የቀሩበት የጨዋታው መጨረሻ። ከታች ፊደሉ (ኤ a፣ ኢ e ነው) የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ መስመሩን ያሳያል። የነጩ ንጉሥ ዲ5፣ ወታደሩ ኢ5፣ ሩኩ ኤ7፤ የእሷ ንጉሥ ኢ8፣ ሩኳ ቢ6። ፈረንሳዊው የቼዝ ሊቅ ፊሊዶር ያስተማረው መከላከያ ይኸው ነው። ሩኳ 6ኛውን መስመር ስለዘጋ የነጩ ንጉሥ ወደ ፊት መግባት አይችልም፤ እሷም እዚያው መስመር ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ትጠብቃለች። ብዙ ልጆች ግን ትዕግሥት ያልቅባቸውና ወታደሩ ሳይገፋ ሩኩን ወደ ኋላ ይልኩታል። ያኔ ንጉሡ ኢ6 ይገባል፣ ኢ5 ያለው ወታደርም ከኋላ የሚመጣውን ቼክ (ንጉሡን የሚያጠቃ እርምጃ) ይከልልለታል። እሷ ወታደሩ ኢ6 እስኪረግጥ ጠበቀች፤ ልክ ሲረግጥ ሩኳን ቢ1 አደረሰች። ከዚያ በኋላ ንጉሡ መጠለያ የለውም፦ ዲ6 ሲገባ ቼክ ከዲ1፣ ኢ5 ሲመለስ ቼክ ከኢ1። እዚህ ላይ አጨብጭቤላታለሁ።

የተቆጣሁት ሦስተኛው ድግግሞሽ ላይ ነው፤ ያው አቀማመጥ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አቻ መጠየቅ ይቻላል። ሩኳን ለሦስተኛ ጊዜ ዲ1 ካስቀመጠች በኋላ «አቻ» ብላ ዳኛ ጠራች፤ ዳኛውም አልተቀበላትም፣ ልክ ነው። መጀመሪያ እርምጃውን ወረቀቱ ላይ ትጽፋለች፣ ሳትነካ ሰዓቱን አቁማ ዳኛውን ትጠራለች። ከነካች የዚያ ተራ መብቷ ያበቃል። ደግነቱ ነጩ ኢ5 ስለተመለሰ ያም አቀማመጥ ሦስተኛው ሆነና በተራዋ መጠየቅ ቻለች። አቀማመጡ ሦስት ጊዜ ሳይደገም ተሳስታ ብትጠይቅ ኖሮ ለሰውየው 2 ደቂቃ ይጨመርለት ነበር። ለተጋጣሚ «አቻ እንውጣ» ብሎ ማቅረብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ ትጫወታለች፣ ትናገራለች፣ ከዚያ ሰዓቱን ትጫናለች።

ቀጣዩን ወረቀትም ላክልኝ። 1 እና 7 ለይታ እንድትጽፍ ንገራት፤ እኔ ሦስት ቦታ ላይ ገምቼ ነው ያነበብኩት፣ ዳኛ ግን ድግግሞሹን የሚያጣራው ከዚያው ወረቀት ነው።

ያንተው