ማሚቱ ወደ አንተ እየመጣች ነው

ጓዴ፣ እንደምን ከርመሃል?

ስድብህን ከዚህ ሆኜ እየሰማሁት ነው፤ ይገባኛል። ስልክህን አይቼ ዝም ያልኩበት ጊዜ አለ። ምክንያቱን ስትመጣ ቁጭ ብለን እናወራዋለን። እናትህን ሥላሴ ደጅ አገኛቸዋለሁ፤ ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው። አሁን ወደ ጉዳዬ።

ማሚቱ ቪዛዋ ተመታላት። አዎ፣ በየሄድንበት እየተከተለች መከራችንን ታበላን የነበረችው! ከፋሲካ በኋላ ኦክላሆማ ትገባለች። ባሏ ትራክ ነው የሚነዳው፤ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ብቻዋን ልትሆን ነው ማለት ነው፤ ያውም ሚያዝያና ግንቦት፣ ያ ቶርኔዶ የሚሉት የአውሎ ነፋስ ጉድ በሚበረታበት ወቅት።

እማዬ በርበሬ እያስፈጨች ነው። እኔ ማታ ማታ የቶርኔዶ ቪዲዮ እያየሁ እንቅልፍ አጣሁ። ጎንደር ውስጥ ነፋስ መጣ ስንል ቆርቆሮ ገነጠለ ማለታችን ነው። ድንጋይ እንጭንበታለን፣ ያልፋል። የእናንተው ግን በፈረንጆቹ 2013 ሙር ከተማን ሲመታ 24 ሰው ገደለ፤ ትምህርት ቤት የነበሩ ሕፃናት ጭምር። ማስጠንቀቂያው የወጣው መሬት ከመንካቱ 16 ደቂቃ በፊት ነበር። በ16 ደቂቃ ማሚቱ ነጠላዋን ፈልጋ አታገኝም!

ላስተምርህ አይደለም። ግን አንተ የማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮህ ስልክ ይዘህ በረንዳ ላይ የምትቀርጽ ሰው ስለሆንክ ብዙም አላምንህም። እባክህ እንደገባች ሂድና ቤቷን እይላት። ምድር ቤት ከሌለው፣ መሃል ላይ ያለውን መስኮት የሌለው ክፍል እጇን ይዘህ አሳያት፤ መታጠቢያ ቤትም ቢሆን። ሄልሜት ግዛላት፤ ጭንቅላት ነው ዋናው። ብሩን እልካለሁ፣ እንደምንም። ጠንካራ ጫማም እዚያው ታስቀምጥ፤ ካለፈ በኋላ መሬቱ ሁሉ ሚስማርና መስታወት ነው አሉ።

እንግሊዝኛዋ ገና ነው። «ዋች» ሲሉ ተዘጋጂ፣ «ዋርኒንግ» ሲሉ ግን አሁኑኑ ግቢ ማለት መሆኑን አስጠናት። ሳይረኑ የተሠራው ደጅ ላለ ሰው ነው፤ እንቅልፏን ደግሞ ታውቀዋለህ። ስልኳን ሳይለንት አድርጋ እንዳትተኛ። መስኮት ክፈቺ የሚላትን አትስማ፤ ጊዜ ማባከን ነው። መንገድ ላይ ከደረሰባትም ድልድይ ስር እንዳትጠለል፤ ነፋሱ እዚያ ይብሳል።

እማዬን ባማክራት «ሚካኤል ይጠብቃታል» ብላ ዘጋችው። እኔም አሜን ብያለሁ። ሄልሜቱ ግን ይገዛ።

ሌላም ልነግርህ የፈለግሁት... ይቅር፣ ሌላ ቀን። ይህን መጻፌን ለሷ እንዳትነግራት፤ መሳቂያ ታደርገኛለች። ከበርበሬው ስንት ኪሎ ይምጣልህ? ሻንጣዋ ሳይዘጋ መልስልኝ።