ለወላጆች ኮሚቴ አባላት፦ ቦርሳ ይፈተሽ
የተከበራችሁ አባላት፣

ልጆቻችን ቅዳሜ ከዓለም ገና ተነስተው፣ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን፣ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያዎች የሚገኙበትን መልካ ቁንጡሬን ጎብኝተው ተመልሰዋል። ማታ የልጄን ቦርሳ ስፈትሽ ግን የሚያብረቀርቅ የባልጩት ስባሪ አገኘሁ። የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ እገምታለሁ! የጥንት ሰው የጠረበው ሊሆን ይችላል፤ ከወደቀበት ሲነሳ ደግሞ ባለሙያ የሚያነብበት ታሪክ አብሮ ይጠፋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ጠብቆ ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያዛል። ስለዚህ የተገኘውን ሁሉ እስከ ሐሙስ አድርሱኝ፤ ለቦታው ኃላፊዎች እናስረክባለን።

ስልክን በተመለከተ፣ ልጆቹ ፎቶ ሲያነሱ ዋሉ እንጂ ድንጋዩን በቅጡ አላዩትም። በሚቀጥለው ጉዞ መጀመሪያ በእርሳስ ይሳሉ፤ ፎቶው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።