ሳይረኑ የሚጮኸው ጥር 19 ቀን አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

ናዚ ጀርመን አይሁዶችን ስለፈጀበት ስለ ሆሎኮስት መታሰቢያ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔን ተጠራጥሬ ነው። በየዓመቱ ጥር 19 ቀን በእስራኤል ሳይረን ይጮኻል፣ አገሩም ቀጥ ይላል ትላላችሁ። አይጮህም። እዚህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ፤ በዚያ ቀን ሳይረን ሰምቼ አላውቅም።

ጥር 19፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 27፣ የሶቭየት ጦር በ1945 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ ነው) ፖላንድ የነበረው የናዚዎች የሞት ካምፕ ኦሽዊትዝ የገባበት ቀን ነው። በሕይወት ያገኘው 7,000 ያህል እስረኛ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት በ2005 የዓለም መታሰቢያ ቀን ያደረገው ይህንን ነው። የእስራኤሉ ግን በዕብራይስጥ አቆጣጠር ኒሳን 27 ነው፤ ብዙ ጊዜ ሚያዝያ ላይ ይውላል። የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት በ1951 ቀኑን ሲወስን የዋርሶን ጌቶ፣ ናዚዎች በፖላንድ ዋና ከተማ አይሁዶችን ያጎሩበትን ሰፈር፣ አመፅ አስቦ ነው። በ1943 ጥቂት መሣሪያ የያዙ ወጣቶች የጀርመንን ጦር አንድ ወር ለሚጠጋ ጊዜ ገትረው ይዘውታል። ሁለቱን ቀን ስታደባልቁ እነዚያን ልጆች ከታሪኩ አወጣችኋቸው።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላም አለ። በ1991፣ እስራኤል ቤተ እስራኤላውያንን ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ባወጣችበት በሰለሞን ዘመቻ ነው የመጣነው። በዓመቱ ከእናቴ ጋር አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ልክ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሳይረኑ ጮኸ። መኪናው ሁሉ ቆመ። ሾፌሮቹ ወርደው ተገተሩ። እናቴ ጦርነት መጣ ብላ እኔን ከሥሯ አድርጋ መሬት ላይ ተኛች። ሳይረኑ የሚጮኽበት ሁለት ደቂቃ አልቆ ሰው መንገዱን ሲቀጥል እኛ እዚያው ነን። ቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም። ትምህርት ቤት ሄጄ ስጠይቅ አስተማሪዬ «ይሄ የእናንተ ታሪክ አይደለም፣ የአውሮፓ አይሁዶች ነው» አለችኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ዘገባችሁም መታሰቢያው ትርጉም የሚሰጠው ከአውሮፓ ለመጡት ነው ብሎ ዘጋው። በሊቢያ፣ ጃዶ በሚባል የፋሺስት ጣሊያን ካምፕ፣ ከ500 በላይ አይሁዶች በረሃብና በታይፈስ አልቀዋል። ሊቢያ አውሮፓ ናት? ልጄ ከትምህርት ቤቷ ልጆች ጋር ፖላንድ ሄዳ የናዚዎችን የሞት ካምፕ ትሬብሊንካን አይታ ስትመለስ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። እሷስ ከየት የመጣች ናት?

እናቴ ዕብራይስጥ አታነብም። ወሬ የምታገኘው በአማርኛ ነው። ዘገባችሁን ሳነብላት አቋረጠችኝ። «ጥር? እዚህ ጥር ብርድ አይደል? ሳይረኑ የጮኸብን ቀን እኮ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር፣ ነጠላዬን አጥልቼብህ ነበር» አለች።

እርማቱን አውጡልን። እሱንም አነብላታለሁ።