ቱርቦው ከመቀየሩ በፊት ፋሸታው ይጥበቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ቱርቦ (በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያላቸውን ስፖርት መኪኖች ይዘው ወደ ደብረ ብርሃን ጋራዦች የሚመጡ ነጂዎች ስሞታ አንድ ዓይነት ነው፤ «ነዳጅ ስረግጥ ዝም ይላል፣ ቆይቶ በድንገት ይስፈነጠራል።» የሚሰጣቸውም ምክር ብዙውን ጊዜ ወይ ትልቅ ቱርቦ ግዛ፣ ወይ ግፊቱን ጨምር የሚል ነው። በእኛ ከፍታ ላይ ሁለቱም ነገሩን ያባብሳሉ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ይለይ። ሞተሩ በደቂቃ 1,800 ዙር ላይ ሳለ ቱርቦው ካልተነሳ ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ በዚያ ዙር የሚወጣው ጭስ ተርባይኑን፣ ማለትም በጭስ የሚገፋውን የቱርቦውን መዘውር፣ ለማሽከርከር አይበቃም፣ መፍትሔውም ማርሽ መቀነስ ነው። በትክክል መዘግየት የሚባለው በቂ ዙር ላይ፣ ለምሳሌ በ3,500፣ ነዳጅ ተረግጦ ግፊቱ እስኪመጣ የሚያልፈው ጊዜ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የሚሳበው አየር ሲሳሳ ጭሱም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ቶሎ የሚነሳው ቱርቦ ጣርማ በር አፋፍ ላይ ተጨማሪ ዙር ይጠይቃል። ግፊት ጨምሩ የሚሉ ሰዎች የሚዘነጉት ሒሳብ አለ። ባሕር ጠለል ላይ 1 ባር ለመጨመር ቱርቦው አየሩን በ2 እጥፍ ያምቃል። እዚህ ለሞተሩ ያንኑ አየር ለማድረስ 2.8 እጥፍ ማመቅ አለበት። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከረው የቱርቦው ዘንግ ከልኩ አልፎ ይፈጥናል፣ አየሩ ይግላል፣ ሞተሩም ማንኳኳት ይጀምራል።

መነሻው የአየር መፍሰስ ፍተሻ ይሁን። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ከአየር ፊልትሮው የሚመጣው ቱቦ ከቱርቦው አፍ ላይ ይፈታል፤ አፉ የአየር ማስገቢያ ባለው ክዳን በፋሸታ (በቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋል። ከዚያ ከጎሚስታ ኮምፕሬሰር፣ ግፊት መቀነሻ አስገብቶ፣ ቀስ በቀስ እስከ 1 ባር መስጠት። ክዳኑ ሊፈናጠር ስለሚችል ፊት ለፊቱ አይቆምም። የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው የኢንተርኩለር ቱቦዎች፣ የፋሸታዎቹ ሥር፣ የኢንቴክ ማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ላይ የሳሙና ውሃ ይረጭ፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው። በዘይት መሙያው በኩል ትንሽ ሽውታ ቢሰማ አያስደነግጥም፤ ጥቂት አየር በፒስቶን ቀለበቶች አልፎ ይወርዳል። ይህን ፍተሻ በዓይን ማየት አይተካውም፤ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ላይ ጤነኛ መስሎ ግፊት ሲገባበት ብቻ ነው አፉን የሚከፍተው።

ቀጥሎ ከተርባይኑ በፊት ያለው የጭስ መንገድ ይታይ። የጭስ ማኒፎልዱ ከቴስታታው በሚገናኝበት ላይ ጥቀርሻ ካለ፣ ወይም ጠዋት በብርድ ሲነሳ ቲክ ቲክ ብሎ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ካለ፣ ተርባይኑን ሊገፋ የሚገባው ኃይል በዚያ እያመለጠ ነው። ትርፍ ጭስን ተርባይኑን ሳይነካ የሚያሳልፈው የዌስትጌቱ መዝጊያ በጥቀርሻ ተይዞ ወይም ስፕሪንጉ ላልቶ ትንሽ ከተከፈተም ውጤቱ ያው ነው። የዌስትጌቱ መቆጣጠሪያ ዘንግ ሲፈታ ቀዳዳው ከመያዣው 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር አጥሮ መገኘት አለበት፤ ተስቦ ሲገባ መዝጊያውን አጥብቆ ይይዛል። ከዚያ በላይ ማሳጠር ግን ሳይነገር ግፊት መጨመር ነው።

ለፉጨቱ ሲባል ብቻ አየሩን ወደ ውጭ የሚለቅ ብሎው ኦፍ ቫልቭ የሚያስገቡ አሉ። የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ከቱርቦው በፊት በሆነ መኪና ላይ ኮምፒውተሩ አየሩን አስቀድሞ ስለቆጠረው ለሌለ አየር ቤንዚን ይረጫል፤ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ሞተሩ ይታነቃል። ወደ መግቢያው የሚመልሰው የፋብሪካው ቫልቭ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ካልተሻለ ስለ ዕቃ መነጋገር ይቻላል። የጭስ መተላለፊያው የስፋት ልክ (A/R) ከ0.82 ወደ 0.63 የሚወርድ የተርባይን ቤት ቱርቦውን ቀደም ብሎ ያነሳዋል፣ በከፍተኛ ዙር ግን ጉልበት ያሳጣል። ዘንጉ በቦል ኩሽኔታ የሚዞር ቱርቦም ቶሎ ይነሳል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ገበያ ላይ የዋለው ፖርሽ 911 ቱርቦ በመዘግየቱ የታወቀ ነበር፤ ትልቅ ቱርቦ የሚመኝ ሰው ይህን ያስታውስ። በራሊ መኪኖች ላይ ያለው፣ ነዳጅን በጭስ ማኒፎልዱ ውስጥ እያቃጠለ ቱርቦውን የሚያዞረው ዘዴ ለመንገድ መኪና አይሆንም፤ ተርባይኑንም ማኒፎልዱንም በአጭር ጊዜ ይጨርሳል።

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ በእጅ ያለውን ቱርቦ ማቆየት ግድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ዘይቱ ሳይሞቅ ሞተሩ አይጩህ። የጣርማ በርን ዳገት ጨርሶ የቆመ መኪናም ከመጥፋቱ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይቆይ፤ አለዚያ ቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል፣ ዘንጉም እየከበደ ይሄዳል።

በመኪና ጥገና ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች፣ ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ